ጆአኪም ክሩዝ፦ የ800 ሜትሩ ባለ ወርቅ አሰልጣኝ ሲሆን

ሁለት ዙር (ውይይቱን የከፈተው)

ሰላም ቤተሰብ። እዚህ ስለ 10 ሺህ ሜትርና ስለ ማራቶን ብዙ አውርተናል። ዛሬ ወደ 800 ሜትር ልውሰዳችሁ። ብራዚላዊውን ጆአኪም ክሩዝን ስንቶቻችሁ ታውቁታላችሁ? ብዙዎቻችሁ ባታውቁት አይገርመኝም። ሰውየው በ800 ሜትር 2 የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አለው። በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ወርቅ፣ በ1988 ሴኡል ላይ ብር። እኛ ሁለቱም ላይ አልነበርንም። አንዱን ከሶቪየት ጋር አብረን ቀረን፣ ሌላውን ከሰሜን ኮሪያ ጎን ቆመን ቀረን። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

በ1963 ታጓቲንጋ ተወለደ። ከዋና ከተማዋ ከብራዚሊያ አጠገብ ያለች ከተማ ናት። ልጅ ሆኖ ቅርጫት ኳስ ነበር የሚጫወተው። ሉዊዝ ደ ኦሊቬይራ የሚባል አሰልጣኝ አየውና ወደ ሩጫ ሳበው። በ18 ዓመቱ ሪዮ ላይ 1:44.3 ሮጦ የወጣቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። በዚያው በ1981 አሰልጣኙም እሱም አሜሪካ ገቡ። መጨረሻ ላይ ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ፣ ዩጂን ከተማ ተቀመጡ። አንድ ነገር ልብ በሉ። ቀኝ እግሩ ከግራው ትንሽ ያጥራል። ጉዳት ዕድሜውን ሙሉ አልተለየውም።

በ1983 ሄልሲንኪ ላይ፣ በመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና፣ ነሐስ አገኘ። በዓመቱ ሎስ አንጀለስ። ፍጻሜው ላይ ኬንያዊው ኤድዊን ኮች ከፊት ሆኖ ወሰዳቸው። ክሩዝ ተጠግቶት ቆየ። መጨረሻው ላይ ለቀቀና ብቻውን ገባ፤ 1:43.00፣ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን። ሁለተኛ የወጣው የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤቱ ሰባስቲያን ኮ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ ብራዚል በሩጫ ያላት የኦሊምፒክ ወርቅ ያ ብቻ ነው። ሌሎቹ የአትሌቲክስ ወርቆቿ በሙሉ ከዝላይ የመጡ ናቸው።

እኔን ግን የሚደንቀኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ነሐሴ ውስጥ፣ በ5 ቀን 3 ውድድር። ዙሪክ 1:42.34። ከአንድ ቀን እረፍት በኋላ ብራስልስ 1:42.41። ደግሞ ከአንድ ቀን እረፍት በኋላ ኮሎኝ 1:41.77። የኮ ክብረ ወሰን 1:41.73 ነበር። በ4 መቶኛ ሰከንድ አመለጠው! የእኛ መሐመድ አማን በ2013 የሮጠው ምርጥ ሰዓት 1:42.37 መሆኑን አስቡና ተመልከቱት።

ይህ ሰው ሩጫውን ሲያቆም አሰልጣኝ ሆነ። ያሠለጠነው ደግሞ ማንን መሰላችሁ? በካሊፎርኒያ የአሜሪካን የፓራሊምፒክ አትሌቶች። በጣም የታወቀው ተማሪው ዴቪድ ብራውን ነው። የ100 ሜትር ሯጭ፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ፈጽሞ የማያዩ። ይህን ጉዞ እንዴት ታዩታላችሁ?

---

ጋሽ ሰዓት ያዥ

ልጄ፣ ጥሩ ርዕስ ከፍተሃል። አንድ ነገር ልጨምርልህ። ያ የሎስ አንጀለስ ፍጻሜ በእኛ ሐምሌ 30 ቀን 1976 ዓ.ም. ነው። የሴኡሉ ደግሞ መስከረም 16 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ የደመራ ዕለት። እኛ የዚያ ዘመን ሰዎች እነዚህን ሁለት ኦሊምፒኮች ስናነሳ ያንገበግበናል። ምሩጽ ይፍጠር በፈረንጆቹ 1976 ሞንትሪያል ደርሶ ሳይሮጥ የተመለሰ ሰው ነው። በላይነህ ዲንሳሞ በፈረንጆቹ ሚያዝያ 1988 ሮተርዳም ላይ 2:06:50 ሮጦ የማራቶንን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። በዚያው ዓመት ሴኡል መሄድ አልቻለም። ብራዚላዊው ግን ሁለት ጊዜ ዕድሉን አገኘ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሜዳሊያ ይዞ ወጣ።

የሴኡሉን ውድድር ዘግይቼ ነው በቪዲዮ ያየሁት። መጨረሻው ላይ ክሩዝ ይመራል። የተጨረሰ ይመስላል። ከዚያ ፖል ኤሬንግ የሚባል ኬንያዊ ልጅ ከኋላ ይመጣል። ከዚያ ዓመት በፊት የ400 ሜትር ሯጭ ነበር። 1:43.45 ገባ፣ ክሩዝ 1:43.90። ሦስተኛው ሞሮኳዊው ሰዒድ አዊታ፣ የ5000 ሜትር ሻምፒዮኑ። የ400፣ የ800 እና የ5000 ሰው አንድ መድረክ ላይ ቆሙ ማለት ነው። ይህ ርቀት ለምን ልብ እንደሚሰቅል ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

---

ቦሌ ዙሪያ

ታሪኩ ደስ ይላል። ግን ልቃወም። ሜዳሊያ ያለው ሁሉ አሰልጣኝ ይሆናል የሚለውን ሐሳብ እንዳናራምድ እፈራለሁ። እኛ አገር ይህ በሽታ አለ። የታወቀ ሯጭ ሲያቆም ወዲያው ሰዓት መያዣ ይሰጠዋል።

እስቲ ተቃራኒውን እንይ። በቆጂ ላይ ደራርቱን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን በልጅነታቸው ያገኘው አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነው። ኬንያ ኢቴን ላይ ዴቪድ ሩዲሻን ያሠለጠነው ኮልም ኦኮኔል የአየርላንድ ሚሲዮናዊ ነው። የመጣው ጂኦግራፊ ሊያስተምር ነው። ሩዲሻ ደግሞ 1:40.91 ሮጦ ይህን ርቀት ለብቻው ያደረገው ሰው ነው። የኦሊምፒክ ሜዳሊያ የሌላቸው ሰዎች ናቸው እንግዲህ ታላላቆቹን ያፈሩት።

ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬን ብታነሱብኝ፣ እሺ፣ እሳቸው በወጣትነታቸው የመካከለኛ ርቀት ሯጭ ነበሩ። ግን ትልቅ አሰልጣኝ ያደረጋቸው ሃንጋሪ ሄደው የተማሩት ትምህርትና ኃይለኛ ሥርዓታቸው ነው።

---

ሁለት ዙር

ቦሌ ዙሪያ፣ ወንድሜ፣ ከአንተ ጋር አልጣላም። እንዲያውም ክሩዝን የመረጥኩት ለዚህ ነው። እሱ ወርቁን ይዞ ሄዶ "እኔ እንደሮጥኩት ሩጡ" ቢል የትም አይደርስም ነበር። ምክንያቱም ያሠለጠነው 800 ሜትር ብቻ አይደለም።

ዴቪድ ብራውንን ተመልከት። ከሴንት ሉዊስ፣ ሚዙሪ ነው። ሕፃን ሳለ ካዋሳኪ የሚባል በሽታ ያዘው። ዓይኑን ቀስ በቀስ ወሰደበት፣ በ13 ዓመቱ ጨርሶ ጨለመ። የተወዳደረው ቲ11 በሚባለው ምድብ ነው። በዚህ ምድብ ሁሉም ዓይናቸውን ይሸፈናሉ፣ ትንሽ ብርሃን የሚታየው ሰው እንዳይጠቀም። አብሮት መሪ ሯጭ ይሮጣል። ሁለቱን የሚያያይዛቸው እጃቸው ላይ ያለች አጭር ገመድ ናት። ሁለት ሰው ስለሆኑ ሁለት መስመር ይይዛሉ። ስለዚህ በ100 ሜትር ፍጻሜ 4 ተወዳዳሪ ብቻ ነው የሚሰለፈው።

ክሩዝ እንግዲህ አንድ ሯጭ ሳይሆን ጥንድ ነው ያሠለጠነው። ብራውንንና መሪው ጀሮም ኤቨሪን። ሁለቱ እኩል መነሳት አለባቸው፣ እርምጃቸው እኩል መሆን አለበት፣ እጃቸው እኩል መወዛወዝ አለበት። በ2014 ካሊፎርኒያ ውስጥ 10.92 ሮጡ። ብራውን ፈጽሞ ከማያዩ ሰዎች ከ11 ሰከንድ በታች የገባ የመጀመሪያው ነው። በ2016 ሪዮ ፓራሊምፒክ ደግሞ በ10.99 ወርቁን ወሰዱ።

ለዓይነ ስውር ሰው "እንደዚህ አድርግ" ብለህ ሠርተህ ልታሳየው አትችልም። በቃል ታስረዳዋለህ፣ በእጅህ ይዘህ ክርኑን፣ ጉልበቱን ታስተካክልለታለህ። በገዛ አካሉ እንዴት እንደሚሮጥ ጠንቅቆ ያላጠና ሰው ይህን ማስረዳት አይችልም። እግሩ እኩል ያልሆነ ሯጭ ደግሞ እያንዳንዱን እርምጃ ሲያጠና ነው የኖረው። ሜዳሊያው ሳይሆን ጉዳቱ ያስተማረው ይመስለኛል። የእኔ እምነት ነው፣ ልትከራከሩኝ ትችላላችሁ።

---

የአርሲ ልጅ

እኔ ደግሞ ሌላ ስም ላምጣ፣ ለእኛ የሚቀርብ። ፓሪስ 2024፣ የሴቶች 800 ሜትር። ጽጌ ዱጉማ በ1:57.15 ብር አገኘች። እኔ ቤት ጩኸቱ ጎረቤት ድረስ ነበር። ከፊቷ የገባችው እንግሊዛዊቷ ኪሊ ሆጅኪንሰን ናት፣ 1:56.72። የኪሊ አሰልጣኞች እነማን ናቸው? ጄኒ ሜዶስና ባለቤቷ ትሬቨር ፔይንተር።

ጄኒ ሜዶስ ራሷ በ2009 በርሊን የዓለም ሻምፒዮና በ800 ሜትር ነሐስ ያገኘች ናት። ሰዓቷ 1:57.93፤ ብሩ ያመለጣት በ3 መቶኛ ሰከንድ ነው። ሴትዮዋ የሚገባትን ያህል ሳትሸለም ነው ብዙ ዘመኗ ያለፈው። በ2011 የአውሮፓ የቤት ውስጥ ሻምፒዮና ሁለተኛ ወጣች። ያሸነፈቻት ሩሲያዊት በአበረታች ንጥረ ነገር ስትታገድ ወርቁ ዘግይቶ ደረሳት። መድረኩ ላይ ቆሞ መዝሙር መስማት ግን ተመልሶ አይመጣም።

እዚያው ፓሪስ በ1500 ሜትር የእነ ጄኒ ሌላ ተማሪ ጆርጂያ ቤል ነሐስ አገኘች፣ 3:52.61። ልጅቷ ሩጫ ትታ ቢሮ ስትሠራ የነበረች ናት። ድርቤ ወልተጂ በ3:52.75 አራተኛ ሆነች። ያን ቀን አለቀስኩ። በሁለት ርቀት የእኛን ልጆች የቀደሙት ከአንድ ቡድን የወጡ ሯጮች ናቸው። ቦሌ ዙሪያ፣ እዚህ ላይ ምን ትላለህ? በርቀቱ ላይ የተቃጠለች ሴት አጠገብሽ ቆማ ስታሠለጥንሽ ልዩነት የለውም?

---

ቦሌ ዙሪያ

የአርሲ ልጅ፣ ያንቺን ምሳሌ እቀበላለሁ። ልዩነት አለው። ግን እዚያም ቤት ሁለት ሰው ነው። ከእሷ ጋር ባለቤቷ አለ። ክሩዝ ጋም ብትሄጂ ሌላ ሰው ታገኛለሽ፤ ኦሊቬይራ። ልጁን ከቅርጫት ኳስ ሜዳ አንስቶ ወደ ኦሊምፒክ ወርቅ ያደረሰው እሱ ነው። አብሮት አገር ቀይሯል። እኔ የምለው ይህን ነው። ክሩዝ ጥሩ አሰልጣኝ ከሆነ፣ ጥሩ አሰልጣኝ ምን እንደሚመስል ከልጅነቱ ስላየ ነው።

---

ሁለት ዙር

ይኼ ከእኔ ሐሳብ የተሻለ ነው። እግሩንም አሰልጣኙንም አብረን እንያዝ።

---

ሳንዲዬጎ ሰፈር

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የምኖረው ሳንዲዬጎ ነው። ክሩዝ ያሠለጠነበት ቹላ ቪስታ የሚባለው የሥልጠና ማዕከል ከእኛ በስተደቡብ፣ ወደ ሜክሲኮ ድንበር መሄጃው ላይ ነው ያለው። ኦታይ ሐይቅ ዳር። በ1995 ሲከፈት የአሜሪካ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ነበር የሚያስተዳድረው። ከ2017 ጀምሮ ወደ ከተማው አስተዳደር ዞሯል። አየሩን አትጠይቁኝ። ክረምት የሚባል ነገር የለም፣ ዓመቱን ሙሉ ውጪ መሮጥ ይቻላል። እርግጥ ከፍታ የለውም። የእንጦጦን አየር የለመደ ሰው ሳንባው ሥራ ይፈታል።

ለምን ብራዚል ሄዶ አላሠለጠነም ለሚል ሰው ደግሞ፦ አገሩን አልተወም። በስሙ የተቋቋመ ተቋም ብራዚሊያ ውስጥ አለ፣ ከድሃ ቤተሰብ ለመጡ ልጆች ነው የሚሠራው። በ2007 ሪዮ ላይ የፓን አሜሪካ ጨዋታዎች ሲከፈቱ ችቦውን የለኮሰው እሱ ነው። በ2016 የሪዮ ኦሊምፒክ መክፈቻ ላይ የኦሊምፒክን ባንዲራ ከተሸከሙት ስምንት ሰዎች አንዱ ነበር። በወሩ እዚያው ከተማ ተማሪው ለአሜሪካ ወርቅ አመጣለት። በነሐሴ ለአገሩ ባንዲራ ይዞ፣ በመስከረም ለሌላ አገር አሰልጣኝ ሆኖ በዚያው ከተማ። ይህን ሳስብ እኛ በስደት ያለን ሰዎች ስሜቱ ይገባናል። ሁለቱም እውነተኛ ናቸው። አንዱ ሌላውን አይሰርዝም።

---

ረዳት አሰልጣኝ

እኔ በአንድ የክልል ክለብ ረዳት አሰልጣኝ ነኝ። ስሙን አልጠራም። ቦሌ ዙሪያ ያልከው እውነት ነው። እኛ ጋ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ የመጣ የቀድሞ ሯጭ ነበር። ራሱ የሠራውን ልምምድ ለሁሉም ይሰጣል። ለ17 ዓመት ልጅም፣ ለ25 ዓመት ሰውም ያው። የ800 ሯጯም ከ10 ሺህ ሜትር ልጆች ጋር ያንኑ ረጅም ሩጫ ትሮጣለች። ስታማርር "እኔ እንዲህ ሆኜ ነው ያሸነፍኩት" ይላታል። ልጅቷ በዚያው ዓመት በተረከዝ ጅማት ጉዳት ቀረች። ጎበዝ ልጅ ነበረች።

ስለዚህ ወርቅ ያለው ሰው እንደገና ተማሪ ሆኖ፣ ፈጽሞ ያልሮጠውን 100 ሜትር ያውም ለዓይነ ስውር ማሠልጠን መቻሉ ልቤን ነካው። ብዙ ባለ ሜዳሊያ ይህን ዝቅ ማለት አይሞክረውም።

ሌላም ነገር። እኛም እኮ በዚህ ዘርፍ ጀግኖች አሉን፣ አናወራላቸውም። ትዕግስት ገዛኸኝ በቶኪዮ በ1500 ሜትር ጭላንጭል (ጥቂት በሚያዩ ሰዎች) ምድብ ያገኘችው ወርቅ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው የፓራሊምፒክ ወርቅ ነው። ፓሪስ ላይ ደገመችው። ያየሽ ጌቴ ደግሞ እዚያው ፓሪስ በቲ11 በ1500 ሜትር 4:27.68 ሮጣ በዓለም ክብረ ወሰን አሸነፈች። ታምሩ ደምሴ ሪዮ ላይ በ3:48.49 ብር ሲያገኝ፣ በዚያው ዓመት በዋናው ኦሊምፒክ የ1500 ወርቅ ያገኘው አሜሪካዊ 3:50.00 ነበር የገባው። አዎ፣ የዋናው ፍጻሜ በጣም ቀርፋፋ ውድድር ነበር። ቢሆንም ቁጥሩ ይገርማል።

---

ጋሽ ሰዓት ያዥ

ልጄ፣ ስለ ልጅቷ ያልከው አሳዘነኝ። የ800 ሰው ፍጥነቱን ከነጠቅከው ምንም አይቀረውም። የመጀመሪያውን 400 ሜትር በ50 ሰከንድ አካባቢ አልፎ ሁለተኛውን በ52 እና በ53 መጨረስ ያለበት ሰው ነው። ለዚያ ሜዳ ላይ አጫጭር፣ ፈጣን ድግግሞሽ ያስፈልገዋል፣ በመሃልም በቂ እረፍት። የረጅሙ ርቀት ባህላችን ጠንካራ ስለሆነ ሁሉን በዚያ መለካት እንወዳለን።

ከዚህ ሁሉ መሐል ነው መሐመድ አማን የወጣው። በ2011 ሪየቲ ላይ ሩዲሻን ሲያሸንፈው 17 ዓመቱ ነበር። በ2012 ዙሪክ ላይ ደገመው። በ2013 ሞስኮ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እኔ የምመኘው እንደ እሱ ያሉ ልጆች አንድ ቀን ትምህርቱን ተምረው ርቀቱን እንዲያሠለጥኑ ነው።

---

የአርሲ ልጅ

ጋሼ፣ አሜን። ጽጌም ከ400 ሜትር የመጣች ልጅ ናት እኮ። የፍጥነቱ ዘር አለን ማለት ነው።

---

አዲስ ገቢ

ይቅርታ፣ ለውይይቱ አዲስ ነኝ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ክሩዝ ከሴኡል በኋላ ምን ሠራ? ደግሞስ መሪ ሯጩ ከዓይነ ስውሩ የሚፈጥን ከሆነ እየጎተተው አይሮጥም?

---

ሁለት ዙር

እንኳን ደህና መጣህ። ከሴኡል በኋላ ጉዳቱ በጣም አስቸገረው። የ1992 ባርሴሎና አመለጠው። ግን ወደ 1500 ሜትር ወጣና በ1995 የፓን አሜሪካ ጨዋታዎች ላይ ወርቅ አገኘ። በዚሁ ርቀት በ1987ም አሸንፎ ነበር። በ1996 አትላንታ ላይ የብራዚልን ባንዲራ ይዞ ገባ፣ በማጣሪያው ተሰናበተ። ከዚያ ነው ቀስ በቀስ ወደ ማሠልጠኑ የዞረው።

የመሪውን ጉዳይ ረዳት አሰልጣኝ ይመልስልህ፣ ከእኔ የተሻለ ያውቃል።

---

ረዳት አሰልጣኝ

አይጎትተውም፣ ሕጉ አይፈቅድም። መሪው መጎተትም መግፋትም አይችልም። መጨረሻው መስመር ላይ ደግሞ ዓይነ ስውሩ ነው መቅደም ያለበት። መሪው ቀድሞ ደረቱን ካስገባ ሁለቱም ይሰረዛሉ። ለዚህ ነው መሪው ከተወዳዳሪው መፍጠን ያለበት፤ የሚተርፍ አቅም ኖሮት እያወራ፣ መስመሩን እየነገረ፣ መጨረሻው ላይ ግማሽ እርምጃ ራሱን ማስቀረት አለበት። የሚሮጡትም እንደ መስታወት ነው። የአንዱ ቀኝ እግር ሲነሳ ከጎኑ ያለው የሌላው ግራ እግር ይነሳል፣ የታሰሩት እጆች አብረው ይሄዳሉ።

እኛ ጋ ለመሞከር የምትፈልጉ ካላችሁ ከእርምጃ ጀምሩ። መጀመሪያ ገመዱን ይዛችሁ መራመድ፣ ቀጥሎ ሶምሶማ፣ ቀጥታው ላይ ብቻ። መታጠፊያው ላይ የውጪው ሰው ረዘም ያለ እርምጃ ስለሚያስፈልገው እሱን ለኋላ አቆዩት። ሰሞኑን ከአንድ የሰፈራችን ልጅ ጋር ጀምረናል። የሚገርም ፍጥነት አለው። አብሮት መሮጥ የሚችል ሰው ነው አሁን የምፈልገው፤ አዳማ አካባቢ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።